ምላጩን አውጥተሽ ብዕር አስገቢበት

በዚህ ወር የደረሱኝ ደብዳቤዎች አብዛኞቹ አንድ ነገር ላይ ገጠሙ፤ በኮምፒውተርና በስልክ የሚሠራ ሥዕል። አምስቱን መርጬ መልሻለሁ። አምስቱም የተጻፉት ከአዲስ አበባ ዳር ዳር ነው። እኔም ዳር ነዋሪ ስለሆንኩ ሰፈሩንም ችግሩንም አውቀዋለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመቶች በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን ከረሙ? ቱሉ ዲምቱ አስፋልቱ ዳር ስቲከር ቤት ነው የምሠራው። የታክሲና የባጃጅ ጽሑፍ፣ የሱቅ መስታወት፣ የሰርግ መኪና ስም እቆርጣለሁ። ማታ ደንበኛ ሲጠፋ ኮረል በሚባለው የንድፍ ፕሮግራም የራሴን ቅርጾች እሠራለሁ። አንድ ሥዕል የተማረ ልጅ አይቶ «ይሄ እኮ ማሽኑ የሠራው ነው፣ ጥበብ አይባልም» አለኝ። ከዚያ ወዲህ እጄ ተያዘ። ዲጂታል አርት የሚባለው ከየት ነው የመጣው? የእኔስ ነገር ውስጡ ይገባል ወይ?

መልስ፦ ይገባል፣ እህቴ። እንዲያውም ታሪኩ አንቺ ካለሽበት ቦታ ነው የሚጀምረው።

ከፊትሽ ያለውን ማሽን ምን ብለሽ ነው የምትጠሪው? ፕሎተር አይደል? ምላጩ ግራና ቀኝ ይመላለሳል፣ ስቲከሩ ከሥር ወደፊትና ወደኋላ ይሳባል፣ ከሁለቱ እንቅስቃሴ መስመር ይወጣል። ምላጩን አውጥተሽ ብዕር አስገቢበት። ከመጀመሪያዎቹ የኮምፒውተር ሠዓሊዎች ብዙዎቹ ሥራቸውን ያወጡት ብዕር በያዘ ፕሎተር ነው። በ1965 መጀመሪያ ላይ ጌኦርግ ኔስ የሚባል፣ ጀርመን ውስጥ ሲመንስ ኩባንያ ይሠራ የነበረ የሒሳብ ሰው በፕሎተር ያወጣቸውን ሥዕሎች ሽቱትጋርት ከተማ ላይ ለሕዝብ አሳየ። በዚያው ዓመት ማይክል ኖልና ቤላ ዩሌሽ ኒውዮርክ በሚገኘው ሃዋርድ ዋይዝ ጋለሪ የነሱን አቀረቡ። ዓመቱ ሳያልቅ ደግሞ ፍሪደር ናኬ የሚባል ወጣት ከኔስ ጋር ሆኖ እንደገና ሽቱትጋርት ላይ አሳየ። ሒሳበኞችና መሐንዲሶች ናቸው። ማሽኑ እነሱ እጅ ላይ ስለነበረ እነሱ ጀመሩት። ናኬ ይጠቀምበት የነበረው ግራፎማት ዜድ 64 የተሠራው ለመሐንዲስና ለካርታ ሥራ ነበር።

ትንሽ ወደኋላ ብትሄጂም ያው ነው። በ1950 አሜሪካ አዮዋ ውስጥ ቤን ላፖስኪ የተባለ ሰው ኦሲሎስኮፕ ላይ የኤሌክትሪክ ሞገድ እያጣመመ ፎቶ አነሳው። ኦሲሎስኮፕ ማለት የኤሌክትሮኒክስ ባለሙያዎች ሞገዱን በዓይናቸው የሚያዩበት ስክሪን ያለው መሣሪያ ነው። ጆን ዊትኒ ደግሞ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት የተረፈ የፀረ አውሮፕላን መድፍ ማነጣጠሪያ አግኝቶ፣ ለመድፉ ስሌት የሚሠራውን ክፍል ፈታቶ የሚንቀሳቀስ ሥዕል መሥሪያ አደረገው። ለመድፍ የተሠራ ዕቃ! ይሄን ባሰብኩ ቁጥር ደስ ይለኛል።

አየሽ፣ አንዱም ማሽን ለሥዕል ተብሎ አልተሠራም። ዲጂታል አርት ገና ከጅምሩ የኖረው በተውሶ ዕቃ ነው። ያንቺም ማሽን ለታክሲ ጽሑፍ ተገዛ፣ ማታ ማታ ግን አንቺ ሌላ ሥራ ታሠሪዋለሽ።

«ማሽኑ ነው የሠራው» ላለሽ ልጅ አንድ ሥዕል አሳይው። ኔስ በ1960ዎቹ መጨረሻ የሠራት «ሾተር» የምትባል ሥዕል አለች። ቃሉ በጀርመንኛ ጠጠር ማለት ነው። ወደ ጎን 12፣ ወደ ታች 22 ካሬዎች አሏት። የላይኛው ረድፍ በማስመሪያ የተሰመረ ነው የሚመስለው። ወረድ ስትዪ ካሬዎቹ ጠመም ይላሉ። ከዚያ ይንሸራተታሉ። ታች ስትደርሺ ተደራርበውና ተበታትነው ታገኛቸዋለሽ። የሰፈራችንን ኮብልስቶን አስቢው፤ አስፋልቱ ጋ ሲጀምር እንደ ዳማ ሰሌዳ ያማረ ነው፣ ቁልቁል ወደ ወንዙ ስትወርጂ ግን ክረምቱ አፈሩን ከሥሩ ስለጠረገው አንዱ ድንጋይ ወዲህ አንዱ ወዲያ ያዘመመ ነው። ሥዕሏ እሱን ታስታውሰኛለች። እያንዳንዱ ካሬ ወዴት እንደሚያዘነብል ኮምፒውተሩ በዕጣ አወጣው፣ ይሄ እውነት ነው። ዕጣው ላይ ላይ ጠባብ ሆኖ ወደ ታች እየሰፋ እንዲሄድ፣ ዓይናችን ሥርዓቱን እስከየት ይዞ የት ላይ እንደሚለቀው የወሰነው ግን ሰውዬው ነው። ጥበቡ ያለው እዚያ ውሳኔ ላይ ነው።

ለእኛም እንግዳ ነገር አይደለም። ሽሮ ሜዳ ሄደሽ ሸማኔ አጠገብ ትንሽ ቁጭ በይ። ጥለት ሲያስገባ ክር ይቆጥራል፤ ይሄን ያህል ያነሳል፣ ይሄን ያህል ይተዋል፣ ቀለሙን ያሳልፋል፣ ደግሞ ይቆጥራል። ጥለቱ ያ ቆጠራ ነው። በ1804 ፈረንሳይ ሊዮን ከተማ ጃካር የሚባል ሰው ይሄን የመሰለውን ቆጠራ በተበሳ ካርቶን ለሽመና ማሽን የሚነግር ዘዴ አወጣ። ያ የተበሳ ካርድ ብዙ ቆይቶ ለኮምፒውተርም ትእዛዝ ማስገቢያ ሆነ። ስለዚህ ኮምፒውተሩና ጥለቱ ዘመዳሞች ናቸው ብል ማጋነን አይደለም።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ። ባለፈው ክረምት ሰፈሬ ካለ ስቲከር ቤት ልጆች ጋር ሞክረነዋል። ተራ ሰማያዊ እስክሪብቶ በፕላስተር ጠቅልለን ምላጩ ቦታ ላይ አስገባን። የመጀመሪያው ወረቀት ተቀደደ፤ ማሽኑ ስቲከር ለመቁረጥ በተሞላው ኃይል ነበር የሚጫነው። ኃይሉን ወደ ዝቅተኛው አወረድነው፣ ፍጥነቱንም ቀነስነው። ሁለተኛው ላይ መስመሩ እየተቆራረጠ ወጣ፣ ቀለሙ አልደርስ ብሎ ነው። ሦስተኛው ላይ ጄል ያለው ብዕር አደረግንና ክብ በክብ ላይ እየደረበ፣ እጅ ሊያደርገው በማይችል ትዕግሥት 40 ደቂቃ ሙሉ ሳለ። ሁላችንም ዝም ብለን ቆመን አየነው። ደንበኛ መጥቶ እንኳን ማንም አልተንቀሳቀሰም።

አንድ ሌላ ነገር። ሥራሽን ለሌላ ማተሚያ ቤት ስትልኪ የአማርኛውን ጽሑፍ ከርቭ አድርጊው። ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ፣ ማለትም ለየቋንቋው ፊደል አንድ የጋራ ቁጥር በሚሰጠው የኮምፒውተር ሥርዓት ውስጥ የገባው በ1999 ነው። ከዚያ በፊት የነበሩት የአማርኛ ፎንቶች እያንዳንዱን ፊደል በየራሳቸው ቁጥር ያስቀምጡት ስለነበር ያው ፎንት በሌለበት ኮምፒውተር ሲከፈቱ የማይነበብ ምልክት ይሆናሉ። የድሮ ፎንት ዛሬም በብዙ ቤት አለ። ከርቭ ካደረግሽው ፊደሉ ቅርጽ ብቻ ስለሚሆን አይበላሽም። ዋናውን ፋይል ግን ሳትነኪ ለብቻው አስቀምጪ፣ አለዚያ ኋላ ማረም ስትፈልጊ ያስለቅስሻል።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም የምኖር ጡረተኛ ነኝ። የ17 ዓመት ልጄ ሌሊቱን ሙሉ ስልኩ ላይ በጣቱ ይስላል። ሥዕል ከሆነ ቀለምና ወረቀት አይሻልም ወይ? ይሄ ነገር እንጀራስ ይሆነዋል?

መልስ፦ አክባሪዎ ነኝ። ልጅዎ በጣቱ የሚያደርገውን ነገር በ1963 ኢቫን ሰዘርላንድ የሚባል፣ አሜሪካ ያለው የኤምአይቲ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሲሠራው ዓለም ጉድ ብሏል። ስክሪን ላይ በብርሃን ብዕር በቀጥታ እያሰመረ የሚስልበት ስኬችፓድ የሚባል ፕሮግራም ነበር። የሚሠራበት ኮምፒውተር ትልቅ ክፍል የሚይዝ ነው። በ1984 ማኪንቶሽ ኮምፒውተር ማክፔይንት የሚባል የሥዕል ፕሮግራም ይዞ ሲመጣ ነገሩ ጠረጴዛ ላይ ወረደ። በ1990 ሁለት አሜሪካዊ ወንድማማቾች የጀመሩት ፎቶሾፕ ገበያ ወጣ። አሁን ኪስ ውስጥ ገብቷል።

ከነዚህ ሁሉ እኔ ትልቁ የምለው ግን በ1994 ፎቶሾፕ ላይ የመጣውን ሌየር ነው። መስታወት ላይ መስታወት ደርበው እንደሚስሉ ያስቡት። ከሥር ንድፉ፣ ከላዩ ቀለሙ፣ ከሱ በላይ ጥላው። ጥላው ካላማረ ያንን መስታወት ብቻ አንስቶ መጣል ነው፣ የቀረው አይነካም። ቀለምና ሸራ ለሚወደድበት ልጅ ይሄ ትልቅ ነፃነት ነው። መቶ ጊዜ ቢሳሳት አንድ ሳንቲም አያወጣም። ወረቀትና ቀለም ይግዛ ያሉት ግን ትክክል ነዎት፣ ግማሽ ልክ። ስልክ ላይ ማጉላትና መሰረዝ ስላለ ዓይን ይሰንፋል። ቤት ውስጥ ቡና ሲፈላ ጀበናዋን በእርሳስ፣ ሳያጠፋ፣ በአንድ ተቀምጦ ይሳላት። በየቀኑ አንዲት። ወር ሳይሞላ ስልኩ ላይ ያለው ሥራ ሲለወጥ ራስዎ ያዩታል።

እንጀራ ይሆነዋል ብዬ ልምልልዎ አልችልም። የመጽሐፍ ሽፋን፣ የልጆች መጽሐፍ ሥዕል፣ ማስታወቂያ፣ አኒሜሽን የሚሠሩ ልጆች አውቃለሁ፤ አንዳንዱ ቤት ይከራያል፣ አንዳንዱ ቀን ሌላ ሥራ ይሠራል። ኮምፒውተር ካገኘ ክሪታ የሚባለው ፕሮግራም ነፃ ነው፣ የሰው ሶፍትዌር መስረቅ አያስፈልገውም። ሌሊቱን ግን ይከልክሉት። እንቅልፍ ያጣ እጅ መስመር አያወጣም።

ጥያቄ፦ ኮዬ ፈጬ ነኝ፣ የግራፊክስ ተማሪ። ኤአይ በአንድ ዓረፍተ ነገር እኔ ሳምንት የምለፋበትን ሥዕል ያወጣል። ትምህርቴን ልቀጥል ወይስ ጊዜዬን እያባከንኩ ነው?

መልስ፦ ቀጥል።

ፍርሃትህ ግን ከንቱ አይደለም፣ አዲስም አይደለም። ቅድም ያነሳሁት ማይክል ኖል ቤል ላብስ የምርምር ተቋም ውስጥ ይሠራ ነበር። በሆላንዳዊው ሠዓሊ በሞንድሪያን አንድ ሥራ መንገድ አጫጭር መስመሮችን በዕጣ የሚበትን ሥዕል በኮምፒውተር ሠራና ሁለቱን ጎን ለጎን ለ100 ሰዎች አሳየ። 59ኙ የኮምፒውተሩን መረጡ። የትኛው የኮምፒውተር እንደሆነ በትክክል የለዩት 28 ብቻ ናቸው። ይሄ ውጤት የታተመው በ1966 ነው! ሞንድሪያን ግን ዛሬም በየሙዚየሙ አለ። ሰው ደስ ያለውን መምረጡና አንድን ሥዕል ማን ለምን እንደሠራው ማወቁ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ስለሆኑ ይመስለኛል።

ከኔስ የሽቱትጋርት ዝግጅት የሚነገር አንድ ወሬም አለ። ሠዓሊዎች መጥተው ተናደዱ። አንዱ ኮምፒውተርህ እንደ እኔ መሳል ይችላል ወይ ብሎ ሲጠይቀው ኔስ፣ አንተ እንዴት እንደምትስል በዝርዝር ከነገርከኝ ይችላል አለው። እስኪ ይሄን ጥያቄ ለራስህ ጠይቅ። እኔ እንዴት ነው የምስለው? እንግሊዛዊው ሠዓሊ ሃሮልድ ኮኸን በዚህ ጥያቄ ዕድሜውን ጨርሷል። በ1970ዎቹ መጀመሪያ አሮን የሚባል ፕሮግራም መጻፍ ጀመረና በ2016 እስኪሞት አልተወውም። ድንጋይ ከድንጋይ ኋላ ሲሆን እንዴት እንደሚታይ፣ ሰው ሲቆም ክብደቱ የት እንደሚያርፍ፣ አንድ በአንድ እንደ ሕግ ጻፈለት። መጻፍ የቻለው መሳል ስለሚችል ነው።

የዛሬው ኤአይ ሕግ አልተነገረውም። እጅግ ብዙ ሥዕልና ፎቶ ከነመግለጫው ተሰጥቶት ከዚያ ነው የተማረው። ከነዚያ ብዙዎቹ ባለቤቱ ሳይጠየቅ የተወሰዱ ናቸው፤ በ2023 መጀመሪያ አሜሪካ ውስጥ ሠዓሊዎች ፍርድ ቤት የሄዱት በዚህ ነው። እኔም ከነሱ ጋር ነኝ። የሰው ድካም ሲወሰድ ቢያንስ መጠየቅ አለበት።

ሌላም አለ። ጥቂት በተማረበት ነገር ላይ ኤአይ ይሳሳታል። እኔ ራሴ «እንኳን ለአዲሱ ዓመት አደረሳችሁ» የሚል ካርድ ሥራ አልኩት። አደይ አበባው ያምራል። ጽሑፉን ጠጋ ብዬ ሳየው «ሀ»ም «ረ»ም ያልሆነ፣ ከሩቅ የእኛን ፊደል የሚመስል ጭረት ነው። ሞሰቡ ሦስት እግር አለው። የሀበሻ ቀሚሱ ጥለት ደረት ላይ ተጀምሮ የትም ሳይደርስ ይጠፋል። ይሄ ነገ ይስተካከል ይሆናል። ግን ስህተቱን ማየት የሚችለው ማነው? ሞሰብ በዓይኑ መርምሮ የሳለ ሰው ነው። ደንበኛ የሚከፍልህ ለዚያ ዓይን ነው። ስለዚህ ተማር፣ ኤአይንም ነካክተህ እወቀው፣ ንድፍህን ግን ራስህ አውጣ።

ጥያቄ፦ ለገጣፎ የምኖር የዘይት ቀለም ሠዓሊ ነኝ። ሃያ ዓመት በሸራ ሠርቼ አሁን ታብሌት ጀመርኩ። ግራ የገባኝ፣ ሸራዬ አንድ ነው፣ ፋይሌ ግን ሺህ ቦታ ይገለበጣል። ታዲያ ኦሪጅናሉ የቱ ነው? ምኑን ነው የምሸጠው?

መልስ፦ እህቴ፣ ይሄ ጥያቄ በ2021 ዓለምን አናግቷል። ቢፕል በሚል ስም የሚታወቀው አሜሪካዊ ከ2007 ጀምሮ በየቀኑ አንድ ሥዕል ይሠራ ነበር። የ5000 ቀኖቹን በአንድ ፋይል አሰባስቦ በኤንኤፍቲ ሲያቀርበው ክሪስቲስ ጨረታ ቤት 69.3 ሚሊዮን ዶላር ሸጠው። ኤንኤፍቲ ማለት ፋይሉ ሺህ ቦታ ቢገለበጥም ባለቤቱ እገሌ ነው የሚል የማይፋቅ መዝገብ ነው። ብዙ ሰው ሮጦ ገባ፣ ገበያው ብዙም ሳይቆይ ወረደ። ለእርስዎ እሱን አልመክርዎም።

ቀላሉ መንገድ የሕትመት ሠዓሊዎች ከድሮም የሚያደርጉት ነው። በጥሩ ወረቀት ላይ፣ ለምሳሌ 10 ቅጂ ብቻ ያሳትሙ። እያንዳንዱ ላይ 1/10፣ 2/10 እያሉ በእርሳስ ቁጥርና ፊርማ ያኑሩ። አሥራ አንደኛ አያትሙ። ቃልዎ ነው ዋጋውን የሚይዘው። ፋይሉ ለኤ3 ከሆነ 3508 በ4961 ፒክስል ይሁን፣ ከዚያ በጣም ካነሰ ሕትመቱ ሊደበዝዝ ይችላል።

ከሽያጩ በላይ እኔን የሚያሳስበኝ ግን ማስቀመጡ ነው። አሜሪካዊው ሠዓሊ አንዲ ዋርሆል በ1985 አሚጋ በሚባል ኮምፒውተር ላይ ሥዕሎች ሠርቶ ነበር። ፋይሎቹ ፍሎፒ ዲስክ ውስጥ ተረስተው ኖረው በ2014 የካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ የኮምፒውተር ክበብ አባላት ናቸው በብዙ ድካም ያወጧቸው። እኔ እንደ ዋርሆል የሚያወጣልኝ አላገኘሁም። አንድ ማታ መብራት ሄዶ ሲመለስ በኃይል መጣና ሃርድ ዲስኬን አቃጠለው። የስድስት ዓመት ሥራ ነበር። የእናቴን እጅ የሳልኩበት፣ እሷ ካረፈች በኋላ ልመልሰው የማልችለው አንድ ፋይል ነበረበት። ስለዚህ ሦስት ቦታ ያስቀምጡ፦ ኮምፒውተርዎ ላይ፣ ከመብራት የተነቀለ ውጫዊ ሃርድ ዲስክ ላይ፣ ኢንተርኔት ላይ። ዛሬ ማታ ያድርጉት።

ጊዜ ሲያገኙ ደግሞ መካኒሳ ወዳለው ዞማ ሙዚየም ይሂዱ። ከመሥራቾቹ አንዱ ኤልያስ ስሜ ነው። እሱ የተጣለ የኮምፒውተር ሰርኪዩት፣ የኪቦርድ ቁልፍና የኤሌክትሪክ ሽቦ እየሰበሰበ፣ ሽቦውን እንደ ጥልፍ እየጠለፈ ትልልቅ ሥዕል ይሠራል። ሥራው ዲጂታል ይባል አይባል አያጨቃጭቀኝም። ኮምፒውተሩ ሞቶ እጅ ውስጥ ገብቶ ሥዕል ሲሆን ማየት ለእርስዎ ለሸራ ሰው ብዙ ይነግርዎታል።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ቂሊንጦ ነኝ፣ አሥረኛ ክፍል። ኮምፒውተርም ጥሩ ስልክም የለኝም። መብራትም ይሄድብናል። ዲጂታል አርት መማር እፈልጋለሁ፣ ከምን ልጀምር?

መልስ፦ ቬራ ሞልናር ከጀመረችበት ጀምር። ሃንጋሪ ተወልዳ ፓሪስ የኖረች ሠዓሊ ናት። ኮምፒውተር ያገኘችው በ1968 ነው። ከዚያ በፊት ዓመታት ሙሉ «ምናባዊ ማሽን» እያለች ሕግ ታወጣና ራሷ እንደ ኮምፒውተር ሆና በእጇ ትስል ነበር። ማሽኑ ሲመጣ እሷ ተዘጋጅታ ጠበቀችው። በ2022 ቬኒስ ቢናሌ በሚባለው ትልቅ የሥዕል ዐውደ ርዕይ ላይ ሥራዋ ሲታይ 98 ዓመቷ ነበር። በ2023 መጨረሻ፣ መቶ ሊሞላት ጥቂት ሲቀራት አረፈች።

አንተም ካሬ ያለው የሒሳብ ደብተር አምጣ። ማስመሪያ፣ እርሳስና አንድ የብር ሳንቲም ያዝ። ወደ ጎን 8፣ ወደ ታች 12 ካሬዎች ለመሳል ቦታ ለካ። የመጀመሪያውን ረድፍ ቀጥ አድርገህ ሳል። ሁለተኛው ረድፍ ላይ ለእያንዳንዱ ካሬ ሳንቲሙን ወርውር፤ አንበሳው ከወጣ ካሬውን አንድ ሚሊሜትር ወደ ቀኝ፣ ሌላው ፊት ከወጣ አንድ ሚሊሜትር ወደ ግራ ግፋው። ሦስተኛው ረድፍ ላይ ሁለት ሚሊሜትር። እንዲህ እያልክ ውረድ። ሳንቲሙ ያለህን ብቻ አድርግ፣ ስላላማረህ አትለውጠው። መቶ የማይሞላ ውርወራ ነው፣ በሻማም ያልቃል። ስትጨርስ ሕጉን አንድ ቦታ ላይ ብቻ ለውጥና እንደገና ሥራው። ለምሳሌ መሃል ያሉት ካሬዎች እንዳይነቃነቁ አድርግ። ሁለቱን ወረቀቶች ግድግዳ ላይ ለጥፋቸውና ከበሩ ሆነህ እያቸው፤ የትኛው ጋ ዓይንህ እንደሚቆም ደብተርህ ላይ ጻፍ።